ምድር ስትንቀጠቀጥ ለሰው ምን እንበል? ሳይንስን ለሕዝብ የማስረዳት ዝርዝር መመሪያ

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ለወራት አዋሽ ፈንታሌ፣ መተሐራና ዱለቻ አካባቢ ምድር ዕረፍት አልነበራትም። መስከረም 26 ማታ የመጣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት ከ5.5 በላይ የሆነ ተከተለ። የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6.0 የተለካው መጣ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጋቢውን ተከናንቦ ግቢ ውስጥ አመሸ።

በዚያ ሰሞን «ሳይንስ ተምሯል» የተባለ ሰው ሁሉ ተጠያቂ ሆነ። የፊዚክስ መምህሩ፣ ጂኦሎጂ የተመረቀው የጎረቤት ልጅ፣ የኤፍኤም ጋዜጠኛዋ፣ የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ አድሚን። ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ምሳሌዬን ከመሬት መንቀጥቀጥ አልወጣም። አንዱን ጉዳይ በደንብ ከያዛችሁት ለወረርሽኝም ለድርቅም መንገዱ ያው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ሰው ሳይንስን የሚያምነው አሳምራችሁ ስላብራራችሁለት አይደለም። ዛሬ ማታ የነገራችሁት ነገር ነገ ጠዋት ሳይፈርስ ሲያገኘው ነው የሚያምናችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ስሙት

«ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ትምህርት እየጠየቀ አይደለም። ከጥያቄው ስር ሌላ ጥያቄ አለ። ልጆቼን ይዤ ልውጣ? ይሄ ቤት ይቆማል? ማታ ተመልሶ ይመጣል? ቀድማችሁ እነዚህን ካልመለሳችሁ፣ ስለ ቴክቶኒክ ሰሌዳ የምትናገሩት አንድም አይሰማም።

ጠያቂው የት እንዳለም እወቁ። መተሐራ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሰው፣ አዲስ አበባ ስምንተኛ ፎቅ ላይ መብራቱ ሲወዛወዝ ያየ ሰው፣ ዋሽንግተን ሆኖ ስልኩ ላይ ማስጠንቀቂያ ደርሶት እናቱ ስልክ አልነሳ ያሉት ሰው፣ ሦስቱም የሚፈልጉት መልስ ይለያያል። የመጀመሪያው «ዛሬ የት ልደር» ነው የሚለው። ሁለተኛው «ደረጃውን ልውረድ ወይስ ልቀመጥ» ነው። ሦስተኛው የሚፈልገው ቦታውና ሰዓቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ማይክ ከመያዛችሁ ወይም ከመጻፋችሁ በፊት ሰዎች የጠየቁትን እንዳለ፣ በራሳቸው አነጋገር ወረቀት ላይ አስፍሩ። ንግግራችሁን የምትጀምሩት ከዚያ ወረቀት ነው።

2. ሦስት ዓምድ አስምሩ

ወረቀቱን ለሦስት ክፈሉት። አንደኛው «የታወቀ»፣ ሁለተኛው «ገና እየተጣራ ያለ»፣ ሦስተኛው «ማንም ሊያውቀው የማይችል»። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መደባለቅ ነው።

ለፈንታሌው እንሙላው። የታወቀ፦ አካባቢው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ምድሩ በዓመት በአማካይ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተለያየ ይሰፋል፤ በዚያ ሰሞን ከሥር ቅልጥ ዓለት ወደ ስንጥቆች ሰርጎ እንደገባ በሳተላይት ራዳር የመሬቱ መነሳትና መዝቀጥ ተለክቶ ታውቋል። እየተጣራ ያለ፦ የትላንቱ ንዝረት ትክክለኛ መጠንና ጥልቀት፣ የደረሰው ጉዳት። ማንም የማያውቀው፦ ቀጣዩ መቼ፣ ምን ያህል ሆኖ እንደሚመጣ።

ሦስተኛውን ዓምድ ጮክ ብሎ ማንበብ ብዙ ባለሙያ ይከብደዋል። «አላውቅም» ማለት እውቀቱን የሚቀንስበት ይመስለዋል። ግን «እኔ አላውቅም» እና «ዓለም ላይ ማንም አያውቅም» የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ራሱ ትልቅ መረጃ ነው። የሰማ ሰው ነገ «አውቃለሁ» ብሎ የሚመጣውን ሰው በምን ዓይን እንደሚያየው ይረዳል።

አንደኛው ዓምድ ውስጥ ሾልኮ የሚገባ ነገርም አለ፤ ተጠንቀቁ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሰማይ ሲደርስ፣ ዜናው ሁሉ «ከ12,000 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ» አለ። ባለሙያው የሚያውቀው ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ውስጥ የፈነዳበት የተመዘገበ መረጃ አልነበረም። ሰው የማይደርስበት፣ ብዙም ያልተጠና በረሃ ላይ ያለ ተራራ ነው። አለመመዝገቡ አለመፈንዳቱን አያሳይም። «እስከ ዛሬ የፈነዳበት መዝገብ አልነበረንም» ብትሉ ዜናው አይቀዘቅዝም፤ ነገ ጥናት ወጥቶ ሌላ ነገር ቢናገር ደግሞ አታፍሩም።

3. «አትደንግጡ» የምትለዋን ቃል አስወጧት

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም እኛ አገር መግለጫ ሁሉ የሚያልቀው በእሷ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ላኩይላ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ለወራት ትናንሽ ንዝረቶች ይመላለሱባት ነበር። አንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ ጃምፓዎሎ ጁሊያኒ፣ ከመሬት የሚወጣ ራዶን ጋዝ እየለካ ትልቅ መንቀጥቀጥ እየመጣ ነው ይል ነበር። ሰው ተረበሸ። መንግሥት ሕዝቡን ለማረጋጋት ፈለገ። መጋቢት 31 (በእነሱ አቆጣጠር) የአደጋ ስጋት ኮሚሽን ሳይንቲስቶች ከተማዋ ድረስ መጥተው ተሰበሰቡ። የሲቪል መከላከያው ምክትል ኃላፊ በርናርዶ ዴ በርናርዲኒስ ደግሞ ለቴሌቪዥን ተናገረ። አደጋ የለም አለ። ትናንሾቹ ንዝረቶች ጉልበቱን እያስተነፈሱት ስለሆነ ሁኔታው እንዲያውም ጥሩ ነው አለ። ጋዜጠኛው «እንግዲህ አንድ ብርጭቆ ወይን እንጠጣ?» ዓይነት ነገር ሲለው በሐሳቡ ተስማማ፤ የወይኑን ዓይነት ሳይቀር መረጠለት።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ከሌሊቱ 9፡32 ላይ፣ 6.3 የተለካ መንቀጥቀጥ ከተማዋን መታት። ከ300 በላይ ሰው ሞተ።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። የላኩይላ ሰው የቆየ ልማድ ነበረው። ሌሊት ንዝረት ሲሰማ ልጆቹን ይዞ ይወጣና አደባባይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ያድራል። ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ጥንቃቄ ነው። በዚያ ሌሊት ከትልቁ በፊት ትናንሽ ንዝረቶች ተሰምተው ነበር። «ባለሙያዎቹ አደጋ የለም ብለዋል» ብለው ሳይወጡ የቀሩ ነበሩ። ከሟች ቤተሰቦች የመጣው ክስም በዚሁ ላይ ያተኮረ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 ስድስት ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣኑ ስድስት ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። ዓለም «መሬት መንቀጥቀጥ ስላልተነበዩ ታሰሩ» ብሎ ሳቀ፣ ተቆጣም። በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሳይንቲስቶቹን ነፃ አወጣ፤ የባለሥልጣኑን ቅጣት ግን ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አድርጎ አጸናው። ስለ ፍርዱ ሰው ዛሬም ይከራከራል። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመን ሌላው ነው። ሰውን ቤቱ ያስቀመጠው ያለመተንበይ ሳይሆን መሠረት የሌለው ማጽናኛ ነው።

«ትናንሹ ትልቁን ያስተነፍሰዋል» የሚለው እኛ ዘንድም በሰፊው ይነገራል። ስሌቱ አይደግፈውም። በመለኪያው ላይ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ጉልበቱን ወደ 32 እጥፍ ያደርሰዋል። ሁለት ቁጥር ከሆነ 1,000 እጥፍ ገደማ ነው። አንድ ባለ 6 ለማስተንፈስ አንድ ሺህ ያህል ባለ 4 ያስፈልጋል ማለት ነው።

ታዲያ በ«አትደንግጡ» ፋንታ ምን እንበል? የሚሠራ ነገር ስጡ። የደነገጠ ሰው የሚረጋጋው እጁ ሥራ ሲያገኝ ነው። «ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከራስጌያችሁ በላይ የተሰቀለ ከባድ ነገር አውርዱ፣ ጫማና ባትሪ አልጋችሁ አጠገብ አድርጉ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከአሥር «አትደንግጡ» ይበልጣል።

4. መልእክቱን ጻፉ፣ ከዚያ ቁረጡ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ምን ሆነ፤ ምን እናውቃለን፤ ምን አናውቅም፤ ምን አድርጉ፤ መቼ እንመለሳለን። ለማሳያ ራሴ የፈጠርኳቸውን ሁለት መልእክቶች ጎን ለጎን እዩአቸው። የመጀመሪያው ለምደነዋል፦

«በዛሬው ዕለት በፈንታሌ አካባቢ በሬክተር ስኬል 4.9 የተመዘገበ ርዕደ መሬት የተከሰተ ሲሆን፣ ክስተቱ ከስምጥ ሸለቆ ቴክቶኒካዊ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሕብረተሰቡ ሳይደናገጥ መደበኛ ተግባሩን እንዲያከናውን እናሳስባለን።»

ሁለተኛው ይኸውላችሁ፦

«ዛሬ ማታ 2፡10 ላይ አዲስ አበባ የተሰማው ንዝረት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። መነሻው ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ ፈንታሌ አካባቢ ነው። እስካሁን የተለካው 4.9 ነው፤ ሲጣራ በትንሹ ሊለወጥ ይችላል። ዛሬ ሌሊትም ሆነ በሚቀጥሉት ቀናት ሌላ ንዝረት ሊኖር ይችላል። መቼና ምን ያህል እንደሚሆን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ፎቅ ላይ ሳላችሁ ከተንቀጠቀጠ ዝቅ በሉ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ እግሩን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ከመስኮት ራቁ። እስኪቆም ደረጃ አትውረዱ፤ ሊፍት አትጠቀሙ። ግድግዳ ወይም ምሰሶ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለወረዳ አሳውቁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አዲስ ነገር ኖረም አልኖረም እዚሁ እንመለሳለን።»

ረዝሟል፤ ግን እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ወረቀታችሁ ላይ ያለ ጥያቄ ይመልሳል። የመጀመሪያው ግን የቱንም አይመልስም። «የተያያዘ በመሆኑ» የምትለዋም ምንም ምክንያት አልተናገረችም። ስምጥ ሸለቆ ስለሆነ ነው መደንገጥ የሌለብኝ? እንዲያውም የሚያስደነግጠው እሱ አይደል?

«ኖረም አልኖረም» የሚለውን ቃል ኪዳን እንዳትዘሉት። 3 ሰዓት ሲሆን «ሌሊቱን ምንም አዲስ ነገር አልተመዘገበም» ብሎ መጻፍ አሰልቺ ይመስላል። እምነት የሚገነባው ግን በእንዲህ ዓይነቱ አሰልቺ መልእክት ነው። ዝም ያላችሁበትን ሰዓት ሌላ ሰው ይሞላዋል።

ምክሩ ከቤቱ ጋር ይግጠም። «ጠረጴዛ ሥር ግቡ» ብላችሁ ደቦይታ ውስጥ ለሚኖር አፋር አርብቶ አደር ብትናገሩ፣ ስለ እሱ ኑሮ ምንም እንደማታውቁ ገና በመጀመሪያው ቃል አስታወቃችሁ። ከሰሌንና ከእንጨት የተሠራው ደቦይታ ቢወድቅ እንኳ ብዙም አይጎዳም። ለእሱ የሚያስፈልገው ስለ ምድጃው እሳት፣ ከተራራ ሥር ስለሚንከባለል ድንጋይ፣ መሬት ላይ ስለተከፈተው ስንጥቅና ስለ ከብቶቹ ነው። ከጭቃና ከድንጋይ በተሠራ ቤት በር አጠገብ ያለ ሰው ደግሞ ፈጥኖ ሜዳ ላይ መውጣቱ ይሻለዋል። አንድ ምክር ለሁሉም አይሆንም።

«የኔ ኮንዶሚኒየም ይቆማል?» ለሚላችሁ ግን ከሩቅ መልስ አትስጡ። አገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን ያገናዘበ የሕንፃ ደንብ አላት። ያ ሕንፃ በደንቡ መሠረት መሠራቱን የሚያውቀው ግን ቆሞ ያየውና ንድፉን የመረመረ መሐንዲስ ብቻ ነው። ይህንኑ ንገሩት።

5. ቁጥሩን ሰው እጅ ላይ አድርሱት

ቁጥር ያለ ማብራሪያ ጥርጣሬ ይወልዳል። የታኅሣሥ 26ቱን አንዱ ተቋም 5.7፣ ሌላው 5.8 ብሎ አወጣው። ወዲያው «እየደበቁን ነው» ተባለ። ነገሩ ቀላል ነው። ተቋማቱ የሚጠቀሙባቸው ጣቢያዎች ይለያያሉ፤ የስሌት ዘዴያቸውም እንደዚሁ። የመጀመሪያው ቁጥር የሚወጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ መረጃ ሲጨመር ይታረማል። «ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል» የምትለዋን ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ለውጡ ራሱ ለታማኝነታችሁ ምስክር ይሆናል። ሳትናገሩ ከተለወጠ ግን ማስረጃ ይሆንባችኋል።

ጥልቀቱም እንዲሁ። «10 ኪሎ ሜትር» የሚል ቁጥር ደጋግማችሁ ታያላችሁ። ሁልጊዜ ተለክቶ የተገኘ አይደለም። ጥልቀቱን በደንብ ማስላት ሳይቻል ሲቀር ተቋማቱ በቋሚነት የሚያስቀምጡት ቁጥር ነው። «ሁሉም እኩል 10 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሰው ሠራሽ ነገር ነው» የሚል ቪዲዮ ያየ ሰው ሲመጣባችሁ መልሱ ይኸው።

መጠንና ንዝረት እንደሚለያዩ ለማስረዳት የሰርግ ድንኳን ስፒከር አስቡ። የስፒከሩ ጉልበት አንድ ነው። አጥሩ የሚነካካው ጎረቤት እንቅልፍ ያጣል፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ጉምጉምታ ብቻ ይሰማል። መተሐራና አዲስ አበባም እንደዚያ ናቸው። አንድ መንቀጥቀጥ አንድ መጠን ነው ያለው፤ የሚሰማው ግን እንደ ርቀቱ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ፎቁ ከፍታ ነው። በነገራችን ላይ «በሬክተር» ያላችሁን ሰው ለማረም ጊዜ አታጥፉ። ሳይንቲስቶች ዛሬ የሚጠቀሙት ሌላ መለኪያ ነው፤ ጠያቂውን ግን የሚረዳው ነገር የለም።

ሰዓት ላይ ግን አትሸነፉ። የውጭ ድረ ገጾች የሚያወጡት በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። 3 ጨምሩ፣ ከዚያ በእኛ አቆጣጠር አድርጉት። 17፡10 የሚለው 20፡10 ይሆናል፤ ማታ 2፡10 ማለት ነው። ይህን ሳያደርጉ «በ17፡10» ብሎ ማሰራጨት ሰው ያስደነግጣል፤ ያለፈው ንዝረት የወደፊት ትንቢት ሆኖ ይነበባል።

6. ወሬ ሲመጣ

«ዛሬ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከባድ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ናሳ ተናግሯል፣ ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፉ።» ይህን የላኩላችሁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አክስታችሁ ናቸው። የላኩላችሁም ስለሚወዷችሁ ነው። ግሩፕ ውስጥ ሰው ፊት «ይሄ ውሸት ነው» ብላችሁ ብትመልሱላቸው ወሬውን አታጠፉም፤ እሳቸውን ነው የምታሳፍሩት። በግል ደውሉ። «እትዬ፣ መልእክቱን አየሁት። እኔም ደንግጬ ነበር። ግን እስቲ አብረን እንየው፤ ናሳ የተባለው የት ነው የተናገረው? ማን ጻፈው?» በሉ። ሲጨርሱ ራሳቸው ግሩፑ ላይ ያስተካክሉት። ከእናንተ ይልቅ የእሳቸው እርማት ይሰማል።

በአደባባይ ስትመልሱ ደግሞ እውነቱን አስቀድሙ። ወሬውን በአጭሩ አንድ ጊዜ ብቻ ጥቀሱ፤ የተላለፈውን ምስል ደግማችሁ አትለጥፉ። መፈተሻውንም ስጡ። ትንቢት ነው የሚባለው ቦታውን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ሦስቱንም በትክክል ሲናገር ነው። እስከ ዛሬ ትልቅ መንቀጥቀጥን በዚህ ልክ በአስተማማኝ መንገድ የተነበየ የለም።

ጠቢብ ጠያቂ «ቻይናዎች አልተነበዩም እንዴ?» ይላችኋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1975 ሃይቼንግ ከተማ ሰው ቀድሞ ከቤት ወጥቶ ብዙ ሕይወት ድኗል። ከትልቁ በፊት እየተጠናከሩ የመጡ ንዝረቶች ነበሩ፤ ሰዉን ያስወጡትም በዋናነት እነሱ ናቸው። በዓመቱ፣ ሐምሌ 1976፣ ሌላዋ የቻይና ከተማ ታንግሻን ግን እንዲህ ዓይነት ምልክት ሳይታይ ተመታች። በይፋ የተነገረው ሟች ብቻ ወደ 242,000 ይጠጋል። ምልክቱ አንዳንዴ አለ፤ አንዳንዴ የለም። የፈንታሌው ንዝረትም ለወራት ተጠናክሮ ቆይቶ ከተማ ሳያወድም በረደ። አስቀድሞ ማንም አያውቅም ነበር።

ሌላው «ኢትዮጵያ ልትከፈል ነው፣ ባሕር ሊገባ ነው» የሚለው ነው። እዚህ ጋ እውነቱና ወሬው ተቃቅፈው ነው የሚመጡት። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ሳይንቲስቶችም አዲስ ውቅያኖስ የሚወለድበት ሂደት ነው ብለዋል። ልክ ናቸው። ግን በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ነው። የዳባሁው ዓይነት ድንገተኛ ዝላይ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው፤ እንደ ፈንታሌው በአማካይ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ነገር አንድ ሜትር ለመሄድ 200 ዓመት ይፈጅበታል። (የራሳችን ወደብ ሊመጣልን ነው ብለው የቀለዱ አሉ፤ ቢያንስ ቀልዱ ከወሬው ይሻላል።)

ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ ዶፈን ተራራ አካባቢ ከመሬት ጭስ፣ ጭቃና ድንጋይ ሲወጣ «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ተባለ። ባለሙያዎች እንፋሎትና ጋዝ እንጂ ቅልጥ ዓለት አልወጣም አሉ። እንዲህ ሲሆን «ፈጠራ ነው» አትበሉ። ሰዎቹ በዓይናቸው ያዩት ነገር አለ። «ያያችሁት እውነት ነው፤ ከሥር የጋለ ውኃና ጋዝ ነው የወጣው፤ አሁንም አትጠጉት» በሉ። ያየውን የካዳችሁበት ሰው ሁለተኛ አይሰማችሁም።

7. ሰው ከሚያምነው ሰው ጋር ሂዱ

አፋር ውስጥ ዳጉ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። የሰማኸውን፣ ያየኸውን፣ ከማን እንደሰማህ፣ የት እንደነበርክ ትናገራለህ። በዓይን የታየውና በጆሮ የተሰማው ተለይቶ ይነገራል። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ክብሩን ያጣል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከብዙ የዜና ክፍል የተሻለ ሥርዓት ነው። ስለዚህ መልእክታችሁን በዳጉ መልክ አዘጋጁት። ማን ለካ፣ በምን ለካ፣ የት ሆኖ፣ መቼ። ይህን ይዞ የሄደ ሰው ለሚቀጥለው በትክክል ያስተላልፋል። ምንጭ የሌለው መግለጫ ዳጉ ላይ ዋጋ የለውም።

በሌላው አካባቢ ዕድር አለ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አለች። ቀድማችሁ አግኟቸው። ገና አደጋ በደረሰ ቀን የምትተዋወቋቸው ከሆነ ዘግይቷል።

«የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ሲባል ክርክር አትግጠሙ። ሽማግሌው የሚናገሩት ስለ ትርጉሙ ነው፤ እናንተ የመጣችሁት ስለ ምሰሶው ነው። ካህኑ ወይም ኢማሙ «ጸሎት ላይ ሳለን ቢንቀጠቀጥ በየትኛው በር፣ ማን ቀድሞ ይውጣ?» የሚለውን ከእናንተ ጋር ከተነጋገሩ ሥራችሁ ተሠርቷል።

ፊት ለፊት ስትገናኙ ጊዜ ስጡ። የአምስት ደቂቃ ንግግርና የአንድ ሰዓት ጥያቄ ጥሩ ነው። የተገላቢጦሹ ስብሰባ ይባላል።

8. ስትታረሙ በግልጽ ታረሙ

አጭር ነው። የተሳሳተ ነገር ከወጣ አታጥፉት። ከላይ «በዚህ ሰዓት ታርሟል» ብላችሁ የቀድሞውን አሳዩ፣ አዲሱን ጻፉ፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር ንገሩ። ስክሪንሾቱ እንደሆነ ተነሥቷል።

9. ዝም ሲል ሥሩ

ትልቁ ሥራ ምድር ጸጥ ስትል ነው፤ ማንም የማይሠራውም ያኔ ነው። ንዝረቱ ሲበርድ ሰው ይረሳል፣ ጋዜጠኛውም ይረሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ሌት ተቀን ይመዘግባል። መሥራቹ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፒየር ጉዊን የድሮ መንቀጥቀጦችን ከታሪክ መዛግብትና ከተጓዦች ማስታወሻ እየፈለጉ ሰብስበዋል። ይህን ሥራ በሰላሙ ቀን ለሰው አሳዩ። ማን እንደሚለካ ያየ ሰው የለካውን ቁጥር ለመጠርጠር አይቸኩልም።

ተማሪዎች ይዛችሁ ታሪክ ሰብስቡ። ነሐሴ 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ የተሰማ ትልቅ መንቀጥቀጥ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው (የአዲስ አበባው ሰፈር ሳይሆን በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ከተማ) ማጀቴን አፈራረሰ። በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈረሰች። ማጀቴና ካራ ቆሬ ዛሬም የሚያስታውሱ አዛውንቶች ይኖራሉ። «የት ቆማችሁ ነበር? የቱ ቤት ቀድሞ ወደቀ? የቱስ ተረፈ? የት አደራችሁ?» ብለው ልጆቹ ይጠይቁ፣ ይቅረጹ። የጭቃው ቤትና የእንጨቱ ጎጆ ለምን እንደተለያዩ ከዚያ በላይ የሚያስተምር መጽሐፍ የለም። ልጁም ቤት ገብቶ ለወላጆቹ ይነግራል።

ልምምድ አድርጉ። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ፎቅ፣ አንድ ዕድር ምረጡ። ደወል ሲደወል ዝቅ ማለት፣ መከለል፣ አጥብቆ መያዝ፤ ሲቆም በሰልፍ መውጣት። ዊልቸር ያለው ልጅ ምን ያደርጋል? ማብሰያ ቤት ያለችው ሴትዮ ጋዙን ማን ያጠፋላታል? የጥበቃው ሰውዬ የኋላውን በር ቁልፍ ይዞ ነው የሚሄደው ወይስ ግድግዳ ላይ ነው? እነዚህን መልሱ። ከዚያ የግቢውን ቴሌግራም ክፈቱና ቁልፉ ያለበትን ቦታ፣ የመሰብሰቢያውን ሜዳ፣ የወረዳውን ስልክ ከላይ ፒን አድርጉ።